ፍሪሲዮን ነው ተባለ

መኪናዋ ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት፣ ያቺ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ 6 ሲሊንደር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያልነካት። የአንድ የእርዳታ ድርጅት ነበረች። ከወልዲያ ወደ ጋሸና ስትወጣ ድልብ ዳገት ላይ ሞተሯ እየጮኸ አልሄድም አለች፣ ከዚያ በካቦ ተጎትታ ደሴ እኛ ጋራዥ ገባች።

ፎርማናችን ከካቦው ሳትፈታ ፈረደባት።

«ሞተር ይሠራል፣ ማርሽ ይገባል፣ መኪናው አይሄድም። ፍሪሲዮን ነው፣ አውርዱት።»

ልክ ሊሆን ይችላል፤ ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ የሚያገናኘው ነው፣ ሸራው ካለቀ ሞተር ይጮኻል፣ መኪና አይሄድም። አብዛኛውን ጊዜም እንደዚያ ነው። ግን መኪናዋ አጠገብ ቆሜ አፍንጫዬ ምንም አልነገረኝም። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን የጨረሰ መኪና ሽታው ከሹፌሩ ቀድሞ ነው የሚወርደው፣ ልብስ ላይ ሁሉ ይቀራል። እሷ ደግሞ የምትሸተው አቧራና ናፍጣ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ሞተሩን አጥፍተን አንደኛ ማርሽ አስገብተን እስቲ እንግፋት» አልኩ።

«ለምን ሲባል?»

«ፍሪሲዮን ከሆነ አትንቀሳቀስም። ሸራው ቢያልቅም በሰው ጉልበት ለመንሸራተት አይደርስም። ማርሽ ውስጥ ሆና ከተንከባለለች ግን የተቆረጠው ከካምቢዮው በኋላ ነው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ልጅ፣ መኪና የሚገፋው ባትሪ ሲሞት ነው።»

ረዳቶቹ ሳቁ። እነሱ ፎርማኑ ቢያስነጥስም ይስቃሉ። እኔ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት የሚሆን መልስ አልመጣልኝም። ማታ አልጋ ውስጥ ገብቼ ግን ጥሩ ጥሩ መልሶች በሰልፍ መጡ። እስከ ዛሬም አንዳንዴ ፀጉሬን ስታጠብ አዲስ ይመጣልኛል።

በማግስቱ እኔ ለሌላ ሥራ ኮምቦልቻ ተላክሁ፣ እነሱ ፍሪሲዮኑን አወረዱ። ይህን ሥራ የሠራ ያውቀዋል፤ የዚህች መኪና ካምቢዮና ትራንስፈር (ኃይሉን ለኋላና ለፊት ጎማ የሚያከፋፍለው) አንድ ላይ ተያይዘው ነው የሚወርዱት፣ እንደ ጉድ ይከብዳሉ። ማለትም በሽተኛው ራሱ ወርዶ መሬት ላይ ተጋድሞላቸው ነበር። አንድ ሰው ማርሽ አስገብቶ ከሞተር በኩል ያለውን ሻፍት በእጁ ቢያዞረውና የኋላውን ፍላንጅ ቢያየው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ማንም አላየውም። አዲስ ሸራ፣ አዲስ ፕሌት፣ አዲስ ኩሽኔታ ገባ፤ በሽተኛውም በክብር ወደ ቦታው ተመለሰ።

ተነሳ። ማርሽ ገባ። መኪናዋ አልሄደችም።

«ሸራው አዲስ ስለሆነ ነው፣ እስኪለምድ» አለ ፎርማኑ። ይህን ያለው እውነቱን ነው፣ ቀልዱን አልነበረም። የቆመ መኪና በምን ሄዶ እንደሚለምድ አልጠየቅሁም።

በሦስተኛው ቀን የድርጅቱ የተሽከርካሪ ኃላፊ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ኢንጂነር እየተባለ የሚጠራ፣ ጥሩ ጠባይ ያለው ሰው ነው፣ አልዋሽም። የምርመራ ማሽን በሻንጣ ይዞ መጣና ዳሽቦርዱ ሥር ተጎንብሶ መሰኪያውን መፈለግ ጀመረ። በቀኝ ፈለገ፣ በግራ ፈለገ። ይቺ ሞተር ናፍጣዋን የምትመጥነው በሜካኒካል ፓምፕ ነው፣ የሚያናግራት ማሽን የለም። ሹፌሩ ጎን ቆሞ ነበር፤ ሽበታም፣ ንግግር የማያበዛ ሰው።

«ኢንጂነር፣ እሷ እኮ የምትናገረው በአፏ ነው» አለው። «ስትነሳ ኳ ትል ነበር። ማርሽ ስቀይር ኳ ትል ነበር። ጽፌያለሁ።»

እውነትም ጽፏል። የመኪናዋን መዝገብ አውጥቶ አሳየኝ። «ስትነሳ ኳ ትላለች» ይላል በሱ እጅ ጽሑፍ፣ ከአንድ ጊዜም በላይ። አጠገቡ የኃላፊው አምድ አለ፤ እዚያ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ታይቷል» ተብሎ ተፈርሟል። ከአንዱ «ታይቷል» ቀጥሎ ክሮቼራ፣ የሻፍቱ መገጣጠሚያ፣ ተቀይሯል። ኳታው ግን አልተቀየረም፣ ምክንያቱም ክሮቼራው አልነበረም። ኢንጂነሩ መዝገቡን አይቶ ሻንጣውን ዘጋ። ምንም አላለም።

ነገሩ የታወቀው በምርመራ አይደለም። ሌላ መኪና ወደ ጉድጓዱ መግባት ስለፈለገ ፎርማኑ «ይቺን ወደ ጥግ ግፏት» ብሎ አዘዘ። ልጆቹ ከኋላ ገፏት። ቀስ ብላ፣ እንደ ጋሪ ሄደች። ሹፌሩ መሪ ላይ ተቀምጧል።

«ዜሮ ላይ ናት አይደል?» አልኩት፣ ለወጉ ያህል።

«ኧረ አይደለም፣ አንደኛ ላይ ናት። የእጅ ፍሬኑን ስላላመንኩት ነው።»

ልጆቹ ቆሙ። ፎርማኑም ሰማ። እኔ በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር፣ አፌ ላይም ደርሶ ነበር። ዘወር አልኩና ክሪክ አመጣሁ። ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ ዝም ስል የበለጠ እንደሚያመው አውቅ ነበር።

አራቱንም ጎማ አንስተን ደገፍናት፣ ሞተሩን አስነስተን ማርሽ አስገባን፣ እኔ ከጎን ተኝቼ በባትሪ አየሁ። ወደ ኋላ ዲፍረንሻል የሚሄደው ሻፍት አይዞርም። ፎር ዊል ግባ አልኩት ሹፌሩን፤ የፊቱም አይዞርም። የተቆረጠው የኋላ አክሱል ላይ ቢሆን፣ ሻፍቱ ይዞር ነበር። የኋላው ሻፍት ብቻ ቢሆን፣ ፎር ዊል ሲገባ በፊቱ ትሄድ ነበር። ሁለቱም ከቆሙ ትራንስፈሩ ራሱ ከካምቢዮው ምንም እየተቀበለ አይደለም። ከመሀል፣ ከማርሽ ዘንጉ ሥር፣ ደረቅ ነገር ሲፋጭ ይሰማል።

ትራንስፈሩን ለየነው። ከካምቢዮው በሚወጣው ሻፍት ላይ የሚሰካው የመግቢያ ማርሽ የውጭ ጥርሱ ደህና ነው፣ ያብረቀርቃል። የውስጥ ጥርሱ ግን የለም። ጣቴን ከተትኩበት፤ ለስላሳ ቀለበት ነው። ሻፍቱም ላይ እንደዚያው፣ ጥርሱ ተበልቶ ጫፍ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። በመሀላቸው ዝገትና ዘይት ተቦክቶ ድልህ የመሰለ ቀይ ነገር ተጋግሯል። እዚያ ቦታ ዘይት በደንብ አይደርስም፣ ብረት በብረት ላይ በየመነሻው ትንሽ ትንሽ ሲጫወት ይኖራል። ኳ የሚለው ያ ነው። አንድ ቀን ዳገት ላይ፣ ጭነት ይዛ፣ የመጨረሻዋ ጥርስ ትሄዳለች።

ፎርማኑ አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

«እንበይደው» አለ።

እዚህ ላይ እንኳ ዝም አላልኩም። ከተበየደ ካምቢዮና ትራንስፈር ዳግመኛ አይለያዩም፣ የጠነከረው ብረት በእሳት ይለሰልሳል፣ አጠገቡ ያለው ፓራኦሊዮም፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ፣ ይቃጠላል። «ገጠር እንደዚያ ነው የሚሠሩት፣ ስንት ዓመት ይሄዳል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር የተበየደ አይቻለሁ፣ ይሄዳልም፤ ይህን ግን ለእሱ አልነገርኩትም። ደግነቱ ኢንጂነሩ አዲስ ይግባ አለ። ዕቃው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ መጣ። አዲሱ ማርሽ ላይ ዘይት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፣ አሮጌው ላይ የለም። ለሹፌሩ አሳየሁት። ቀዳዳዋን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረጋትና «ይቺን ታህል ነገር ናት?» አለ። ሻፍቱንም ስለቀየርን ካምቢዮው ተከፈተ፣ ሥራው ረዘመ፣ ሰው ተነጫነጨ። መኪናዋ ግን ስትነሳ ድምፅ የላትም።

ሒሳቡ ሲወጣ ፍሪሲዮኑም አለበት። ደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አነበብኩ፤ «የመከላከል ጥገና»። ተከፈለ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ኢሱዙ ሲሚንቶ እንደተሸከመ ተጎትቶ መጣ። ሞተሩ ይጮኻል፣ አይሄድም። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከበሩ ነው የተቀበለን። ፎርማናችን እጁን አነሳ።

«ቆይ! መጀመሪያ ማርሽ ውስጥ ከትታችሁ ግፉት። እኔ ሁሌ የምላችሁ ነገር ነው።»

ልጆቹ ገፉ። እኔም ተጨምሬ ገፋሁ። ሲሚንቶው ላዩ ላይ ነው፣ ዜሮ ላይ ቢሆንስ ማን ያነቃንቀዋል? ንቅንቅ አላለም።

«አያችሁ» አለ፣ እኔን እያየ። «ፍሪሲዮን ነው።»

አወረድነው። ፍሪሲዮን ነበር።