ሌንሱ አልቋል

ዛሬ ድብት ብሎኛል። ማንም አላስቀየመኝም፣ ያመመኝም ነገር የለም። ዝም ብሎ ሰው ማናገር አላሰኘኝም። እንዲህ ሲያደርገኝ እጄ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ሰሃን አጠብኩ። ጫማ ወለወልኩ። ከዚያ ያ ግራጫ ፕሌይስቴሽን ቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ ለብሶ ታየኝና አወረድኩት።

ከአክስቴ ቤት የመጣው ነው። የመጀመሪያው ትውልድ፣ ጃፓን ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓይነት። እኛ ሰፈር የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የደረሰውም ኮፒ ሲዲ እንዲቀበል ከሚበየድበት ቺፕ ጋር። ቺፕ የሌለው ፕሌይስቴሽን በልጅነቴ አይቼ አላውቅም። ኮፒ ሲዲ የማያጫውተውን ማን ይገዛዋል? ኦሪጅናሉን ሲዲ፣ ያንን ሆዱ ጥቁር የሆነውን፣ አንድ ልጅ ዘመዱ ከውጭ አምጥቶለት አይተናል። ተራ ገብተን ነክተን መልሰንለታል።

ይሄኛው ሲዲ ማንበብ ካቆመ ቆይቷል። ከቺፑ ሽቦዎች አንዱ ተነቀለ፤ አንድ "እኔ እበይደዋለሁ" ባይ መጥቶ በየደው፤ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ምን ዓይነት ጌም ቢሰጡት በእንግሊዝኛ "የፕሌይስቴሽን ሲዲ ያስገቡ" ይላል። ያየው ሁሉ ደግሞ "ሌንሱ አልቋል" ይላል። ፕሌይስቴሽን ሲታመም ሁልጊዜ ሌንሱ ነው ያለቀው።

እውነት ለመናገር በእነዚህ የመጀመሪያ ሞዴሎች ላይ ሌንስ መጠርጠር ያለ ነገር ነው። ሌንሱ የተቀመጠው መብራት ከሚገባበት ክፍል አጠገብ ነው። ይሞቃል። የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ ይበላና ሌንሱ ያዘነብላል። ማሽኑን ገልብጠን በጀርባው አስተኝተን እንጫወት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ያኔ ምክንያቱን ማን ያውቃል? ሲገለበጥ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ምን እንፈልጋለን። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁርና ነጭ የሚሆኑ ጌሞችም ነበሩ። "ሲዲው ቀለሙ አልቆበታል" እንባባል ነበር። ለካ ጌሙ የአሜሪካ ሆኖ ቴሌቪዥናችን የሚያውቀው ደግሞ የአውሮፓውን አሠራር ነው።

ለማንኛውም ካቻቢቴዬን ይዤ ከመፍታቴ በፊት የሙዚቃ ሲዲ ከተትኩበት።

ዘፈነ!

ከነሞገሱ ዘፈነ። ስለዚህ ሌንሱ ያያል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ያ ቀጭን ሪባን ኬብልም በቦታው ነው። ደከም ያለ ሌንስ ሙዚቃ እያነበበ ጌም ላይ ሊቸገር ይችላል፤ ጌም በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚነበበው። ግን ደካማ ሌንስ ያንቀረፍፋል፣ ያቋርጣል፣ አንዴ እሺ አንዴ እምቢ ይላል እንጂ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። ይሄ ማሽን ሲዲውን አይቶታል። አይቶ ነው "አላውቅህም" ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦሪጅናል ሲዲ መሀሉ አካባቢ፣ ንባቡ የሚጀምርበት ላይ፣ መስመሩ በጣም በትንሹ ይወዛወዛል። በዚያ ውዝዋዜ ውስጥ አራት ፊደል ተደብቋል። የጃፓኑ ኤስ ሲ ኢ አይ፣ የአሜሪካው ኤስ ሲ ኢ ኤ፣ የአውሮፓው ኤስ ሲ ኢ ኢ። ኮፒ የሚያደርገው ማሽን ዳታውን ይገለብጣል እንጂ ውዝዋዜውን አይገለብጥም። ቺፑ እዚህ ጋ ይገባል። ኮንሶሉ ሲዲውን "የማን ወገን ነህ?" ሲለው፣ ሲዲው አፉን ሳይከፍት ቺፑ በሽቦው በኩል ሦስቱንም መልስ በተራ ይልካል። አንዱ ይያዝለታል። በሩ ይከፈታል። ቺፑ ስለ ሲዲው ግን ምንም አያውቅም። በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። ኳስ ይሁን፣ መኪና ይሁን፣ ባዶ ይሁን ግድ የለውም።

ፈታሁት። ቺፑ ስምንት እግር ያላት ሚጢጢ ነገር ናት። ያ የተበየደው ሽቦ ያረፈበት ቦታ ላይ የሊድ ክምር ተጋግሯል። ደህና ብየዳ ያብለጨልጫል፤ ይሄ አመድማ ነው፣ ዳሩም ተሰነጣጥቋል። ቦርዱ በደንብ ሳይሞቅ ሊዱን ብቻ አቅልጦ ጠብ አድርጎበታል ማለት ነው። ያም ሳይበቃ ወደ ጎረቤት እግር ፈሷል። ቴስተር ባስነካው ጮኸ፤ ሁለቱ እግሮች ተገናኝተዋል ማለት ነው። መጮኹ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጎን ለጎን ያሉ እግሮችን አንዳንዴ ቦርዱ ራሱ አገናኝቶ ይሠራቸዋል። የተረፈውን ሊድ በመዳብ ሽቦ መጥጦ ማንሳትና እንደገና መለካት ነው። ሌላው መንገድ ቺፑን ከነጭራሹ ነጥሎ ኦሪጅናል ሲዲ መሞከር ነው። ኦሪጅናሉን ከተቀበለ ጥፋቱ የቺፑና የሽቦው ነው፤ ካልተቀበለ ብየዳው ቦርዱን ራሱን ጎድቶታል። ኦሪጅናል ሲዲ ግን ከየት ይመጣል? ነክተን መልሰናል ብያችኋለሁ።

መበየጃውን ሰካሁ። እስኪግል ቁጭ ብዬ ቺፗን ሳያት፣ አንቺ ተያዥ ነሽ አልኳት። ሙሉ ሥራዋ እኮ ዋስትና ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው።

ምክንያቱም ትንሹ ከትናንት ጀምሮ ይደውልልኛል። የአክስቴ ትንሹ። ንብረት ክፍል ሥራ አግኝቷል፣ ተያዥ አምጣ ብለውታል። በቴሌግራም ቅጹን ልኮልኛል። "ጋሼ፣ ቅጹን አየኸው?" ይላል። አይቼዋለሁ። እሱም እንዳየሁት ያያል፤ ሁለቱ ምልክት ወጥቷል።

ልጁን እወደዋለሁ። አውቀዋለሁ ወይ ብትሉኝ ግን እንጃ። የማውቀው የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ኮንትሮለሩን ስንነጥቀው ሲያለቅስ ነው። ከዚያ በኋላ በበዓል፣ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ ተገናኝተናል። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ" ነው። ሰው ንብረት ይመልስ አይመልስ ከዚህ እንዴት ይታወቃል? አንድ ሥራ በሦስት ወሩ ትቶ መውጣቱን ሰምቻለሁ። ለምን እንደወጣ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንዱን ያወራችው እናቱ ናት።

የእኔን ተያዥ አስታወስኩ። ጋሽ ት.ን። የአባቴ ጓደኛ እንኳ አልነበሩም፤ የአባቴ ጓደኛ የሥራ ባልደረባ ናቸው። ቢሯቸው በር ላይ ቆሜ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። "የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ፈረሙ። ከመሥሪያ ቤታቸው የደመወዝ ደብዳቤም አጽፈው ሰጡኝ። ሻይ ጠጣ አሉኝ፣ እቸኩላለሁ አልኩ። አለቀ። ገንዘብ ብሰርቅ ከእሳቸው ደመወዝ ይቆረጥ ነበር፤ እሳቸው ግን ስሜን ሁለቴ ነው የጠየቁኝ። እኔ ከዚያ ሥራ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ደብዳቤያቸው የሆነ ፋይል ውስጥ ዛሬም ሳይኖር አይቀርም።

ከልባቸው አምነውኝ ነው? ወይስ እሳቸውም በጊዜያቸው እንዲሁ የፈረመላቸው ሰው ነበር? ወይስ እምቢ ማለት ከመፈረም የበለጠ ከብዷቸው ነው? እኔ ሦስተኛው ይመስለኛል። ዋስትናችን ግማሹ ይሉኝታ ነው። አክስቴ እኔን ቀጥታ አልጠየቀችኝም። ለእናቴ ደውላ "ዝም ብዬ ነው፣ ናፍቃችሁኝ" ብላለች። ይሄ ከመጠየቅ የባሰ ነው።

ሕጉን ሳይቀር ከፍቼ አነበብኩ፤ ሰው መፈረም ሲፈራ ሕግ አዋቂ ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ ካልሆነ፣ የገንዘቡም ጣሪያ ካልተጠቀሰ አይጸናም ይላል። ቅጹ ላይ ያ ቦታ ነጠብጣብ ነው፤ "እስከ ብር ……… ድረስ"። ለጥቂት ደቂቃ ደስ አለኝ። ባዶውን ትቼ ብፈርም ዋስ ሆኜም አልሆንኩም ማለት ነው! ትንሹም ደስ ይለዋል፣ አክስቴም ትመርቀኛለች። ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ የፈረመ ሰው ማታ ማታ ምን እያሰበ እንደሚተኛ ሳስበው ደስታዬ ጠፋ። ከፈረምኩ በኋላ የሚሞላው እስክሪብቶ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

የመበየጃው ሽታ ነው ያነቃኝ። ጫፉ ጠቁሯል። ነቀልኩት። ቦርዱን በጋዜጣ ጠቀለልኩት። ለሌላ ቀን።

ከዚያ ቅጹን እንደገና ከፍቼ እስከ ግርጌው ወረድኩ። በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር አለ፦ የዋሱ ደመወዝ ከተቀጣሪው ደመወዝ ማነስ የለበትም። ትንሹ ስንት ሊከፍሉት እንደሆነ አልነገረኝም። ከእኔ የሚበልጥ ከሆነ ታዲያ ከትናንት ጀምሮ የምብሰለሰለው ማን ጠይቆኝ ነው?