ጎሽ ያልንበት ወር

በዚህ ነገር ያስለከፈኝ የእህቴ ልጅ ነው። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ስኖር አስራ ምናምን ዓመት ሆኖኛል፣ የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ግን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር። ኳስ ታቅፎ የሚሮጥ፣ በየደቂቃው የሚቆም፣ መሀል ላይ ማስታወቂያ የሚገባበት ጨዋታ፣ ምኑ ነው ፉትቦል? ቡና የምንጠጣበት ቤት ያለው ሰው ሁሉ እንደኔ ነው። አርሴናል ካልተጫወተ ቲቪው ይዘጋ ባይ። በ2023 ግን ልጁ ቦልደር ከተማ ያለው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ገባና "ጋሼ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ እይልኝ" አለኝ። እንቢ አይባልም።

የቡድኑ መጠሪያ ጎሾቹ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ራልፊ የምትባል የእውነት ጎሽ ሜዳ ላይ ትለቀቃለች፤ አምስት ጠብደል ወጣቶች ገመዷን ይዘው አብረዋት ይሮጣሉ። ይዘዋት ነው ወይስ እሷ እየጎተተቻቸው ነው የሚለውን እስካሁን አልለየሁም።

የዓመቱን ነገር ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ይሄ ቡድን በ2022 አስራ ሁለት ተጫውቶ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ዲዮን ሳንደርስን አሰልጣኝ አድርገው አመጡ። ሰውየው በወጣትነቱ ፉትቦልም ቤዝቦልም በፕሮፌሽናል ደረጃ የተጫወተ፣ "ፕራይም ታይም" የሚባል፣ ጥቁር መነጽር ከዓይኑ የማይወርድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ነባሮቹን ተጫዋቾች ሰብስቦ የራሴን ሻንጣ ይዤ ነው የመጣሁት፣ እሱም ሉዊ ቪቶን ነው፣ እናንተ ሌላ ቤት ፈልጉ ዓይነት ነገር ነገራቸው። የምሩን ነበር። ከ80 በላይ አዲስ ልጅ አስገባ። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሷን የሚወረውረው፣ የራሱ ልጅ ሸዱር ነበር። ትራቪስ ሀንተር የሚባለው ደግሞ ማጥቃትም መከላከልም ላይ የሚጫወት፣ ሲያጠቁም ሲከላከሉም ከሜዳ የማይወጣ ጉድ ነበር።

ሴፕቴምበር 2 ቴክሳስ ሄደው ቲ.ሲ.ዩን 45 ለ 42 አሸነፉ። ቲ.ሲ.ዩ ማለት ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዓመት ለአገር አቀፉ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ የነበረ ቡድን ነው። ሸዱር በውርወራ ብቻ ቡድኑን በድምሩ 510 ያርድ ወደፊት አስኬደ። እኔ ያርዱም ሳይገባኝ ብድግ ብዬ "ጎሽ!" ስል የእህቴ ልጅ በሳቅ ሞተ። በሳምንቱ ነብራስካን 36 ለ 14። እዚያው ሳምንት እንቁጣጣሽ ሆነ፣ ቅዳሜው ደግሞ ከጎረቤታቸው ከኮሎራዶ ስቴት ጋር። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ የጀመረ ጨዋታ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነው ያለቀው። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ስምንት ነጥብ እየተመሩ 98 ያርድ ሄደው አቻ አደረጉ፣ በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት 43 ለ 35 አሸነፉ። ሶስት ከሶስት።

እኔ ኡበር ነው የምነዳው፤ ያን ወር ቦልደር ወርቅ ነበር። ትኬት የለም፣ ስድስቱም የሜዳቸው ጨዋታዎች ተሸጠው አልቀዋል። ኤርፖርት የምጭነው ሰው ሁሉ "ወደ ጨዋታው" ይላል። ማታ ማታ መኪናዬ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርገው የሚቀመጡ ጎረምሶች ነበሩ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በጨለማ።

አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ችግሩ ያኔም ፊታችን ነበር። ከኳርተርባኩ ፊት የሚቆሙ አምስት ግዙፍ ልጆች አሉ፤ ሥራቸው እሱን ከመመታት መጠበቅ ነው። እነዚህ ልጆች አጥር መሆን አልቻሉም። ሸዱር እያሸነፈም መሬት ላይ ነበር፤ ይመቱታል፣ ይነሳል፣ ይወረውራል፣ እኛ እናጨበጭባለን። በዓመቱ መጨረሻ 52 ጊዜ ኳሷን እንደያዘ ተጥሏል። ደላላና ካሜራ የሚወደው የሚሮጠውንና የሚይዘውን ነው፣ ለግዙፎቹ ማን ጊዜ አለው? እነሱ ደግሞ ተጣጥመው ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋሉ እንጂ በአንድ ክረምት ተገዝተው አይቆሙም።

ሀንተር ከኮሎራዶ ስቴት ጋር ዘግይቶ በመጣ ምት ጉበቱ ተጎድቶ ሶስት ጨዋታ አመለጠው። በሳምንቱ ኦሪገን ጋ ሄዱ። ከጨዋታው በፊት የኦሪገን አሰልጣኝ ልጆቹን ሰብስቦ እነሱ ለኢንተርኔት ክሊክ ነው የሚጫወቱት፣ እኛ ለማሸነፍ ነው ሲላቸው ካሜራ ቀርጾታል። እረፍት ላይ ኦሪገን 35 ለ 0 እየመራ ነበር። ያለቀው 42 ለ 6። በሳምንቱ በዩ.ኤስ.ሲ 48 ለ 41 ተሸነፉ፣ ቀጥለው አሪዞና ስቴትን 27 ለ 24 ለጥቂት አሸነፉ።

ከዚያ የስታንፎርዱ ማታ መጣ። ኦክቶበር 13፣ አርብ። ስታንፎርድ ከአምስት ጨዋታ አንድ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነው። ቦልደር አካባቢ በያይነቱ በልቼ እረፍት ድረስ አየሁ፤ ውጤቱ ለእኛ 29 ለ 0። በቃ አልኩና ሥራ ከፈትኩ። እድሌ ሆኖ ከሜዳው ቀድመው የወጡ ሁለት ተማሪዎች ጫንኩ። ወደ ዴንቨር፣ በ36 ቁጥር አውራ ጎዳና። እየዘፈኑ ነው የገቡት። እኔም ራዲዮውን ከፍ አደረግሁላቸው።

መጀመሪያ አንድ ተችዳውን፣ የነሱ ጎል በሉት፣ ገባባቸው። "ምንም አይደለም" አሉ። ከዚያ አዮማኖር የሚባል የስታንፎርድ ልጅ ኳሷን ይዞ 97 ያርድ ሮጠ፣ መኪናው ጸጥ አለ። በመስታወት አየኋቸው፤ አንደኛው መነጽሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ በመስኮት ያያል። አድራሻቸው ስንደርስ አንዱ ወረደ፣ ሌላኛው በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስፋልት ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። "ይቅርታ፣ ይቺን ብቻ ልስማ።" ሌላ ጥሪ እየመጣልኝ ነበር፣ ዘጋሁት። አብረን ሰማን። ያችም ክፉ ሆነች። ሲጨርስ 46 ለ 43፣ በሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት፣ ለስታንፎርድ። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከዚህ በላይ መሪነት ተጥሎ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በዩ.ሲ.ኤል.ኤ ተሸነፉና አሰልጣኙ ቡድኑ እንዴት እንደሚያጠቃ የሚወስነውን ረዳት ቀየረ። ጎማው ተንፍሶ ሹፌር መቀየር ማለት ይሄ ነው። ኦሪገን ስቴት አሸነፋቸው፣ ከዚያ አሪዞና በመጨረሻዋ ሰከንድ። ዋሽንግተን ስቴት 56 ለ 14 ቀጣቸው፣ ሸዱርም ጀርባውን ተጎድቶ የመጨረሻውን ጨዋታ አልተጫወተም። ሶስት ለባዶ የጀመረው ቡድን አራት አሸንፎ ስምንት ተሸንፎ ጨረሰ።

ሰዉ መነጽሩን፣ ካሜራውን፣ ወሬውን ነው የወቀሰው። እኔ አይመስለኝም። መነጽር ማንንም መትቶ አልጣለም። በዓመቱ በ2024 ያው አሰልጣኝ ያንኑ መነጽር አድርጎ ዘጠኝ ጨዋታ አሸነፈ፣ ሀንተርም ሃይዝማንን፣ የዓመቱን ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ሽልማት፣ ወሰደ።

የመጨረሻው ጨዋታ ዩታ ላይ ኖቬምበር 25 ነበር፣ የነቢያት ጾም የገባ ዕለት። 23 ለ 17 ተሸነፉ። እኔ ቡና ቤት ነኝ፣ ማንም ቻናሉን ቀይሩልኝ አላለም። የእህቴ ልጅ ማሙሽ ደወለ።

"ጋሼ፣ አየኸው?"

"ዛሬ እኮ ጾም ገብቷል።"

"ኳስ ደግሞ ጾም አለው እንዴ?"

"የእናንተው ቡድን ከኦክቶበር ጀምሮ ጾም ላይ አይደል?" አልኩት። ዘጋብኝ።