ሁለት አስቂኝ ኦፔራ በአንድ ምሽት፣ በሦስት ሰው

አነስተኛ የኦፔራ ቡድን በአንድ ምሽት ሁለት አስቂኝ ኦፔራ ሊያሳይ ሲነሳ፣ በጀቱን የሚያናጋው የሥራዎቹ ርዝመት ሳይሆን የሰዉ ብዛት ነው። የፑቺኒ «ጃኒ ስኪኪ» አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ግን ከደርዘን በላይ ዘፋኝ ይፈልጋል። የፔርጎሌዚ «ላ ሰርቫ ፓድሮና» (እ.ኤ.አ. 1733) እና የቮልፍ-ፌራሪ «ኢል ሴግሬቶ ዲ ሱዛና» (እ.ኤ.አ. 1909) ግን እያንዳንዳቸው በአንዲት ሶፕራኖ (ከፍተኛ ድምፅ ያላት ሴት ዘፋኝ)፣ በአንድ ወንድ ዘፋኝና አንዲት ቃል በማይተነፍስ አሽከር ያልቃሉ። ርዝመታቸውም ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ነው።

ፈተናው ወንዱ ላይ ነው። የፔርጎሌዚው ኡቤርቶ ለባስ (ዝቅተኛው የወንድ ድምፅ)፣ የቮልፍ-ፌራሪው ጂል፣ የሱዛና ባል፣ ደግሞ ከዚያ ከፍ ለሚለው ባሪቶን የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ለምርጫ የመጣውን ዘፋኝ የሚወደውን አርያ (በኦፔራ ውስጥ ያለ የብቸኛ ዘፋኝ ዜማ) ብቻ አዘፍኖ መሸኘት አይበቃም፤ የኡቤርቶን አርያ «ሴምፕሬ ኢን ኮንትራስቲ»ን ከጂል ቁጣ ጋር አከታትሎ ይዝፈን። ታችኛው ድምፁ ካልተሰማ የኡቤርቶ ንጭንጭ አያስቅም፤ ላይኛው ከደከመ ጂል በኦርኬስትራው ይዋጣል። አሽከሩንም ለተገኘው ሰው መስጠት አይገባም። ግማሹ ሳቅ የእሱ ነውና ደህና ተዋናይ ይፈለግለት።

ፔርጎሌዚ ሥራውን ያዘጋጀው በአንድ ኮስታራ ኦፔራ ገቢሮች መካከል እንዲታይ ስለነበር ለሁለት የተከፈለ ነው። እዚያ ላይ መጋረጃ አይዘጋ፤ 20 ደቂቃው ዕረፍት በሁለቱ ኦፔራዎች መሃል ይሁን። ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ ኮንትራባስና ሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ መሰል የጥንት መሣሪያ) ይበቁታል። ሃርፕሲኮርዱ የሚቃኘው የመድረኩ መብራት በርቶ ቦታው ከሞቀ በኋላ ነው፤ በቀዝቃዛ አዳራሽ ከተቃኘ ቅኝቱ ወዲያው ይበላሻል። በዕረፍቱም አንዴ ይታይ። ቮልፍ-ፌራሪ የጻፈው ግን ለሙሉ ኦርኬስትራ ስለሆነ፣ አቅም ከሌለ በፒያኖ መሥራት ይሻላል። አቀናባሪው የሞተው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ የደራሲ መብት ከሞት በኋላ 70 ዓመት በሚቆይባቸው አገሮች ሥራው ነጻ ነው። ለጥቂት መሣሪያዎች እንደገና የተቀናበረ ቅጂ ግን የራሱ መብት ሊኖረው ስለሚችል አሳታሚውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቮልፍ-ፌራሪ ኦፔራ የሱዛና ምስጢር ሲጋራ ነው። ባልየው ሽታውን ሲያገኝ ውሽማ የመጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሲጋራውን መደበቅ አይቻልም። እውነተኛው በብዙ አዳራሾች ክልክል ነው፤ ከዕፅዋት የሚሠራውም ጉሮሮ ያደርቃል። ጫፉ በባትሪ የሚበራው ይሻላል፤ ግን ሲሳብ ብቻ የሚበራው አይጠቅምም፤ ለዜማው ሐረግ የሚያስፈልገውን ትንፋሽ ይሻማል። ቁልፍ ያለው ይመረጥ፤ ሶፕራኖዋም ከመጀመሪያው የመድረክ ልምምድ ጀምራ በእጇ ትያዘው። አለዚያ ጣቷ ቁልፉን ሲፈልግ ዓይኗ ከመሪው ይለያል።

ብዙ ቡድኖች የሚዘነጉት የትርጉም ጽሑፉን ነው። ቀልዱ ከዘፋኙ አፍ ሳይወጣ ስክሪኑ ላይ ከታየ አዳራሹ ቀድሞ ይስቃል፤ ሳቁም ቀጣዩን ቃል ይውጠዋል። ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ጥያቄው በአንድ ስላይድ፣ መልሱ በሌላ ይግባ። ስላይዱን የሚቀይረው ሰው ኖታ የሚያነብ ይሁን፤ የሬቺታቲቮ (እንደ ንግግር የሚዘፈነው ክፍል) ፍጥነት በየምሽቱ ስለሚለያይ ሰዓት ቆጥሮ አይሆንም። አርያው ሲደገም ደግሞ ስክሪኑ ባዶ ይሁን፤ ተመልካቹ ፊቱን ወደ ዘፋኞቹ ይመልሳል።