ምሰሶውን በሁለት ሰው ስንተክል

እኔና ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ አሜሪካ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን፣ አናፖሊስ አጠገብ ወዳለው ሳንዲ ፖይንት፣ ሆቢ 16 የተባለችውን ትንሽ ካታማራን፣ ማለትም ባለ ሁለት ቀፎ የሸራ ጀልባ፣ በመኪናችን ተጎታች ላይ ጭነን እየጎተትን እንወርዳለን። ጋሼ በወጣትነታቸው ምጽዋ በነበረው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ በስደት ዘመናቸው ከባሕር ጋር መልሳ ያገናኘቻቸው ይህች ጀልባ ናት።

በእኔ እምነት ከሁሉ የሚያስፈራው ሰዓት ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሸራ ዘርግተን የምንሮጥበት ሳይሆን፣ ገና መኪና ማቆሚያው ላይ ሳለን ሸራው የሚሰቀልበትን ምሰሶ የምንተክልበት ነው። ጀልባዋ 145 ኪሎ ግራም ብቻ ብትመዝንም ምሰሶዋ 8 ሜትር ገደማ የሚረዝም አልሙኒየም ስለሆነ፣ ተጎታቹ ላይ እንዳለች ሲቆም ጫፉ ከመሬት ከ9 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ጋሼ ገመድ ከመፈታቱ በፊት ቀና ብለው ሰማዩን ይቃኛሉ፤ ከቆምንበት አንሥቶ ጀልባዋ እስከምትገፋበት ውኃ ድረስ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ቦታ እንቀይራለን። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረቡት ሆቢዎች የምሰሶ ጫፍ ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፍ ነገር እንዲሠራ የተደረገው፣ በዚህ አደጋ ሰው በመሞቱ ነው። ይሁንና የታችኛው ክፍል አሁንም አልሙኒየም ነው፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ ሽቦው ሳይነካም ዘሎ ሊይዝ ይችላል።

ተጎታቹ ከመኪናው ሳይፈታ፣ ጀልባዋም በተጎታቹ ላይ እንደታሰረች ሥራው ይጀመራል፤ አለዚያ እኔ ከኋላ በኩል ስወጣባት ክብደቴ የተጎታቹን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሣዋል። የምሰሶውን እግር ከመቀመጫው ጋር በማጠፊያው ፒን እናያይዛለን፤ የግራና የቀኙ ወጣሪ ሽቦዎች መታሰራቸውን፣ አለመጠላለፋቸውንና የየፒናቸው ቀለበት መግባቱን አንድ በአንድ በእጃችን እንዳስሳለን። ከዚያ እኔ ምሰሶውን በትከሻዬ ተቀብዬ ወደ ፊት እራመዳለሁ፣ ጋሼም ከፊት ሆነው ይስባሉ። እስኪቆም ድረስ የጎን ሽቦዎቹ ልል ስለሆኑ፣ ከጎን የሚመጣ ነፋስ ምሰሶውን ሊጥለው ይችላል፤ ፒኑ እግሩን ከመንሸራተት ይጠብቃል እንጂ ከዚህ ውድቀት አያድነውም።

ምሰሶው ከቆመ በኋላ፣ ከጀልባዋ ፊት ጋር የሚያስረው የፊቱ ሽቦ እስኪቆለፍ ያለችው አጭር ጊዜ ሁሉንም ትወስናለች። እኔ ወደ ፊት መግፋቴን ሳላቋርጥ፣ «ጋሼ፣ ቆሟል፤ ይቆልፉልኝ» እላለሁ። እሳቸውም፣ «ይዤዋለሁ፤ አንተ ግን እንዳትለቅ» ይሉና የሽቦውን ፒን አስገብተው ቀለበቱን ካጠለቁ በኋላ፣ «ገብቷል ልጄ፣ አሁን ልቀቅ» ይላሉ። ይህን ቃል ሳልሰማ እጄን አላነሣም። ታላቅን ማዘዝ ነውር ነው ተብሎ ላደገ ሰው በአባቱ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ «ይቁም!» ብሎ መጮኽ ይከብዳል፤ ነገር ግን አደጋ ያየ ሁሉ በዕድሜ ሳያፍር ይጩኽ የሚለውን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ ለዚህም ከልብ አከብራቸዋለሁ።

ምሰሶው በነፋስ መዞር ስላለበት የማጠፊያው ፒን ከመነሣታችን በፊት ይወጣል። ማታ ደክሞን ስንመለስ ደግሞ መጀመሪያ ይኸው ፒን ተመልሶ ይገባል፤ እኔ ምሰሶውን ደግፌ «ይዣለሁ» ሳልል ጋሼ የፊቱን ሽቦ አይፈቱም። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን ምሰሶውን ባለበት ትተን ወደ መኪናችን እንገባለን።