ለደሴ ሁለት፣ ለኮምቦልቻ አንድ፦ የሳይክል የፊት ጥርስ እንዴት እንደቀነስኩ

ከፊት ሦስት ከኋላ ሰባት ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ያለው ሳይክል «ባለ 21 ማርሽ» ተብሎ ነው የሚሸጠው። ቁጥሩ ያታልላል። ካቴናው ከፊት ባለ 32 ጥርሱ፣ ከኋላ ባለ 18ቱ ክብ ላይ ሲሆን ፔዳሉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ጎማው 1.78 ጊዜ ይዞራል፤ ከፊት 42፣ ከኋላ 24 ላይ ደግሞ 1.75 ጊዜ። እግር ይህን ልዩነት አይለየውም። ስለዚህ ከፊት ጥርስ መቀነስ ያን ያህል አያጎድልም፤ ዋናው ጥያቄ የትኛው ይውጣ የሚለው ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሐረጎ ዳገት በኩል የሚያልፈው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይህን ሁሉ ልዩነት ይሸፍናል። ሁለት ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ሳይክሎች ሠራሁ፤ ኮምቦልቻ ለሚውለው ከፊት አንድ ጥርስ ብቻ አስቀረሁለት፣ ደሴ ለሚውለው ሁለት።

የኮምቦልቻው ከኋላ 14-16-18-20-22-24-34 የሆነ ተጠምዝዞ የሚገባ ፍሪዊል (የኋላ ጥርሶች ስብስብ) አለው። የዚህ ጎማ ዙሪያ 2.07 ሜትር ያህል ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፦ የፊቱን ጥርስ ለኋላው አካፍሎ በ2.07ና በደቂቃ በሚዞረው የፔዳል ዙር ማባዛት፤ በደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ይሰጣል፣ በ0.06 ሲባዛ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሆናል። በደቂቃ 80 ዙር ሲረገጥ፣ ከፊት 32 ከኋላ 14 ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 22.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደ ሐርቡ ከተማ በሚወስደው መንገድ እግር በከንቱ ይፈተለካል። 42 ደግሞ ጭነት ሲኖር ከቆመበት ለማስነሳት ይከብዳል። 36 መረጥኩ፦ 25.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጣል፣ በ34ቱ ላይ ደግሞ በደቂቃ 60 ዙር በ7.9 ያዘግማል። ከ24 ወደ 34 ያለው ዝላይ ሰፊ ስለሆነ ሲቀየር እግር ድንገት ባዶ የረገጠ ይመስለዋል፤ ከተማ ውስጥ ግን 34ቱ ብዙም አይነካም። ሐረጎን ጭነት ይዞ ሊወጣ ያሰበ ሰው ይህን አሠራር ይተወው።

ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት የፊት ጥርሶቹ በምን እንደተያያዙ ማየት ይቀድማል። ርካሽ ሳይክል ላይ ሦስቱም በሪቬት ተመተው ነው የሚመጡት፤ እነዚያን ለመለያየት መታገል ትርፉ ድካም ስለሆነ ከአሮጌ ሳይክል ላይ በብሎን የታሰረ የፔዳል ክንድ ፈልጎ መቀየር ይሻላል። ባለ አራት ብሎኑ ላይ ትልቁና መካከለኛው ጥርስ በአንድ ብሎን ይታሰራሉ፣ ትንሹ ከውስጥ ለብቻው። ፊት ለፊት ባሉት የትልቁ ጥርስ ብሎኖች መሀል ያለው ርቀት 104 ሚሊ ከሆነ የተለመደው መጠን ነው።

ክንዱን ለማውጣት መጀመሪያ በ14 ቁልፍ መሀሉ ላይ ያለው ብሎን ከነሮንዴላው ይፈታል፣ ከዚያ ፑለር (ክንዱን ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) ይገባል። ፑለሩ እስከ ጥግ ሳይገባ መግፊያው ከተጠመዘዘ የክንዱ አሉሚኒየም ፊሌቶ (የብሎን መጠምዘዣ ጥርስ) ተልጦ ይወጣል። መዶሻ ደግሞ የውስጡን ኩሽኔታ ይጎዳል።

ትልቁ ጥርስ ሲወጣ የብሎኑ ርዝመት ትርፍ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ብሎኑ ጠብቆ እምቢ ይላል፣ ጥርሱ ግን አልተያዘም፤ ብሎኑ ከዳዶው ጥግ ደርሶ ነው የቆመው። ለአንድ ጥርስ የሚሆን አጭር ብሎን ካልተገኘ ከወጣው ጥርስ ውፍረት ጋር እኩል የሆነ ሮንዴላ ይገባል። ከታሰረ በኋላ ጥርሱን በእጅ ይዞ ግራ ቀኝ መነቅነቅ ነው፤ ቅንጣት ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። አራቱ ብሎኖች በተራ ሳይሆን በመስቀል፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ፤ መለኪያ ያለው ሰው ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል።

አዲሱ 36 የተቀመጠው በመካከለኛው ቦታ ነው። ከላይ ሲታይ ካቴናው ከኋላ አራተኛው ጥርስ ላይ ቀጥ ካለ ቦታው ትክክል ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጣጣ፦ ካቴና መውደቅ። ለባለ ሦስት የተሠራ መካከለኛ ጥርስ ካቴናውን በቀላሉ እንዲለቅ ተብሎ አንዳንድ ጫፉ አጥሮ ነው የሚሠራው፤ ብቻውን ሲቀር ይህ ጠባዩ ጠላት ይሆናል፣ ኮብልስቶን ላይ ካቴናውን ይጥላል። ለአንድ የሚሠራው ጥርስ ግን አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን እየሆነ ይሄዳል፤ ወፍራሙ በካቴናው ሰፊ ክፍተት፣ ቀጭኑ በጠባቡ ይገባል። ይህም ቢሆን ከኋላ 9 እና ከዚያ በላይ ጥርስ ላለው ካቴና የታሰበ ነው። የዚያ ካቴና ውስጥ ስፋት 2.18 ሚሊ ገደማ ሲሆን የባለ 7ና የባለ 8ቱ 2.38 ስለሆነ ትንሽ ይላላል። በዚያ ላይ የድሮው የኋላ ማርሽ ቀያሪ ካቴናውን ወጥሮ የሚይዝበት ክላች የለውም።

መፍትሔው ገንዘብ አላስወጣም። የፊት ማርሽ ቀያሪውን ሳልጥል ሽቦውንና እጀታውን ብቻ አነሳሁ፤ ቀያሪው ከጥርሱ ጫፍ 2 ሚሊ ያህል ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ስፕሪንጉ ወደ ውስጥ ስለሚጎትተው «ኤል» የሚለውን ብሎን (ቀያሪው ወደ ውስጥ የሚሄድበትን ገደብ የሚወስነውን) በካቻቢቴ እያጠበቁ ካቴናው መሀል ለመሀል እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ብሎኑ አልደርስ ካለ አጭር ቁራጭ ሽቦ ከፍሬሙ ጋር አስሮ ቀያሪውን በዚያው ቦታ መወጠር ይቻላል። ከኋላ አንደኛውና ሰባተኛው ጥርስ ላይ አዙሮ እንደማይፋቅ ማየት አይረሳ።

የደሴው ሥራ ቀለል ይላል። ከኋላ 11-32 የሆነ ባለ 8 ካሴት (ሌላ ዓይነት የኋላ ጥርሶች ስብስብ) አለው፣ ከፊት 42-32-22። ከፊት 22 ከኋላ 32 ላይ በደቂቃ 60 ዙር ሲረገጥ በሰዓት 5.1 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ትንሹ ቢወጣ 7.5 ይሆናል፣ በዚያ ከፍታ ላይ ዳገቱ ቀጥ ሲል ደግሞ ይህን ፍጥነት ጠብቆ መውጣት ሳንባ ይጠይቃል። ስለዚህ 22ቱን የሚያወጣ ሰው ለደሴ አያስብም። መውጣት ያለበት 42ቱ ነው። እሱ የሚፈለገው ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ነው፣ ያኔ ደግሞ እጅ ፍሬን ላይ መሆኑ ይሻላል። ለሜዳው 32 በ11 በደቂቃ 80 ዙር በሰዓት 28.9 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ይበቃል።

42ቱን ግን አልጣልኩትም። ጥርሶቹን በግራይንደር አስላጭቼ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሼ ቦታው ላይ መልሼ አሰርኩት። የሱሪ እግር ከካቴና ይጠብቃል፣ ካቴናውም ወደ ውጭ እንዳይወድቅ ያግዳል፣ ብሎኖቹም በልካቸው ይቆያሉ። ቀያሪው ዝቅ ብሎ ከ32ቱ በላይ ይታሰራል፤ «ኤች» የሚለው ብሎን (የውጭውን ገደብ የሚወስነው) ጠብቆ ሦስተኛው ማርሽ ይዘጋል። ዝቅ ሲል 22ቱ ላይ ጭራው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬሙን የታች ቱቦ እንዳይነካ ማየት ያስፈልጋል።

ካቴናውም ያጥራል። ከ42 ወደ 32 ልዩነቱ 10 ጥርስ ነው፤ ካቴናው የሚያቅፈው ግማሹን ስለሆነ አምስት ቀለበት ይተርፋል፣ የሚቆረጠው በጥንድ በመሆኑ አራት። ከባዶ የሚለካ ሰው በማርሽ ቀያሪው ሳያሳልፍ ከፊት በሚሠራው ትልቁና ከኋላ በትልቁ ጥርስ ላይ ጠምጥሞ ሁለት ቀለበት ይጨምር።

ከኋላ 10-51 ወይም 10-52 ያለው ባለ 12 አዲስ ሳይክል ላይ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ 32 በ52 ከ22 በ32 ይቀላል። ግን ካሴቱ፣ ካቴናውና ቀያሪው ሁሉም የራሱ ዓይነት ነው፣ ሲያልቅም በአሮጌ ሳይክል ዕቃ አይተካም።

ከፊት አንድ ብቻ ሲሆን ሥራው ሁሉ በአንድ ጥርስ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ የካቴናው እርጅና በማስመሪያ መታየት አለበት። ከፒን እስከ ፒን 24 ቀለበት አዲስ ሲሆን 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 30.7 ሲደርስ ካቴናው ብቻ ይቀየራል፣ ከዚያ ካለፈ 36ቱንና የኋላውን ጥርስ ይዞ ይሄዳል።