ለሁለተኛ ጊዜ ኤሊፕቲካል ስገዛ

ጉልበቴን የመረመረችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አስፋልት ላይ መሮጡን ለጊዜው ትቼ፣ እግር ከመርገጫው ሳይነሣ በሚሠራበት ኤሊፕቲካል በተባለ የስፖርት ማሽን እንድተካው በመከረችኝ ሰሞን፣ ማሽን መምረጥ የዋጋ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሊፍት በሌለው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ቀለል ያለና ቦታ የማይዝ ነገር ፈለግሁ። ሻጩም ፍላጎቴን አውቆ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ለቤት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ስክሪኑን ደግሞ ይዩት» እያለ ወደ አንዱ መራኝ። በቆዳ ጫማዬ ሁለት ደቂቃ ያህል ረገጥ ረገጥ አደረግሁና ከፈልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቴ ከሩጫው ጊዜ ብሶ ታመመ። ምክንያቱን ያወቅሁት የባለሙያዋን ምክር ተከትዬ የማሽኑን የእርምጃ ርዝመት፣ ማለትም መርገጫው ወደፊት በሚደርስበትና ወደኋላ በሚመለስበት ጫፍ መካከል ያለውን ርቀት፣ ስለካ ነው፤ 36 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ቁመቴ 1 ሜትር ከ78 በመሆኑ ማሽኑ ላይ ስወጣ የምራመድ ሳይሆን ባለሁበት ቆሜ ደረጃ የምወጣ ያህል ጉልበቴ ከልክ በላይ ይታጠፍ ነበር። በዚያ ላይ የመርገጫውን ዙር እኩል የሚያስኬደው፣ በማሽኑ ውስጥ የሚሽከረከረው ጎማ ክብደቱ ቀላል ስለነበረ፣ መርገጫው ዙሩን ሊጨርስ ሲል እንደ መቆም ይልና ድንገት እግሬን ይነጥቀው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በደላላ በኩል በኪሳራ ሸጥኩት።

ለሁለተኛው ስነሣ የያዝኩት ሜትር፣ ጠመኔና የስፖርት ጫማዬን ነው። በየሄድኩበት መርገጫውን በእጄ እያዞርኩ የፊቱንና የኋላውን ጫፍ ወለሉ ላይ በጠመኔ አመልክቼ እለካለሁ፤ አንዳንዱ ሻጭ ግንበኛ ሳልመስለው አልቀረሁም። ለእኔ ቁመት 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተስማሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባለቤቴ 1 ሜትር ከ60 ስለሆነች 46ም ይበቃት ነበር፤ እሷን በመጀመሪያው ግዢ አለመውሰዴም ሌላው ስሕተቴ ነው።

ርዝመቱ ልክ ሆኖ ልገዛው የደረስኩትን አንድ ማሽን የተውኩት ደግሞ በመርገጫዎቹ መራራቅ ምክንያት ነው። የማሽኑ አካል በሁለቱ መካከል ሰፊ ቦታ ስለያዘ እግሬን ከፍቼ መራመድ ነበረብኝ፤ ይህም ያስታወቀኝ በአሥረኛው ደቂቃ ላይ ዳሌዬን ሲይዘኝ ነው። በሁለት ደቂቃ ሙከራ ፈጽሞ አይታወቅም። ስለዚህ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ እንድሞክረው የማይፈቅድልኝ ሻጭ ዘንድ ላለመግዛት ወሰንኩ፤ የሚያስገርመው፣ ምክንያቴን ስነግራቸው ብዙዎቹ ፈቀዱልኝ።

የመብራትን ነገር የሚረሳ ብዙ ነው። ከአሜሪካ ከመጡት ያገለገሉ ማሽኖች አንዳንዶቹ ለ110 ቮልት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ በእኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ሲሰኩ ይቃጠላሉ፤ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካለ ግን ስጋት የለም። እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት በራሱ እንቅስቃሴ ኃይል የሚያመነጨውንና ሶኬት ጭራሽ የማያስፈልገውን ነው፤ መብራት በሄደበት ማታም በባትሪ ብርሃን ሠርቼበታለሁ።

ከጣሪያው በታች ያለውንም ቦታ አስቀድሜ ለክቻለሁ። መርገጫው ከፍ ሲል ከወለሉ 35 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ይህ ከቁመቴ ጋር ሲደመር 2 ሜትር ከ13 ይሆናል፤ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል መተንፈሻ ሲታከልበት ጣሪያው 2 ሜትር ከ50 ስለሆነ አላስጨነቀኝም። ያልለካሁት ተንጠልጣዩን አምፖል ነበር፤ በመጀመሪያው ማታ በግንባሬ መታሁት።

ማሽኑ 90 ኪሎ ይመዝናል። አራት ተሸካሚዎች ሁለተኛው የደረጃ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ አልዞር ብሏቸው ቆሙ፤ እጀታዎቹና የፊተኛው ምሰሶ ከተፈቱ በኋላ ነው ያለፈው። ይህን ከሻጩ ጋር ተነጋግሬ እዚያው አስፈትቼው ቢሆን ግማሽ ቀን ባልባከነ ነበር። ክብደቱ ግን ካሳው አለው፤ ስረግጠው አይንቀጠቀጥም፤ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ካነጠፍኩ ወዲህም ከታች ያሉት ጎረቤታችን ስለ ድምፅ አንድም ቀን አላነሡም።

ያስቸገረኝ አንድ ነገር የእግር ጣት መደንዘዝ ነው። እግር ከመርገጫው ስለማይነሣ ጫናው ሁልጊዜ ፊተኛው መዳፍ ላይ ያርፋል። የጫማዬን ክር አላልቼ፣ ተረከዜን አጥብቄ ረግጬ፣ በየአምስት ደቂቃው ለአንድ ደቂቃ ወደኋላ ማሽከርከር ከጀመርኩ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳልወርድ እሠራለሁ።