200 ዶላር ያተረፍኩበት ሰልኪ

ሜሪላንድ ውስጥ ሳር ማጨድ ስጀምር ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። አሁን ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ሌላ ሥራ የለኝም። ማሽኔ የሚያጭደው ስፋት 48 ኢንች፣ በቺንጋ የሚሠራ፣ ከኋላው እየተራመዱ የሚነዱት ነው። ክፉ ማሽን አይደለም፤ ግን ሜይ ላይ ሳሩ በሳምንት ጉልበት ሲደርስ፣ አሥረኛው ግቢ ላይ እግሬ የኔ አይመስለኝም ነበር። ቆመው የሚነዱትን ማሽን ለመግዛት ደግሞ ብዙ ሺህ ዶላር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰልኪ ፍለጋ ገባሁ፤ ከማሽኑ ኋላ የምትታሰረዋን ጎማ ያላት መቆሚያ ማለቴ ነው። እላይዋ ትቆማለህ፣ ማሽኑ ይጎትትሃል።

ሰው ሁሉ ባለ አንድ ጎማ ይሻላል፣ የለም ባለ ሁለት ጎማ እያለ ይከራከራል። ዋናው ጥያቄ እሱ እንዳልሆነ የገባኝ ከዘገየሁ በኋላ ነው። ጎማዋ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ በራሷ ትዞራለች ወይስ ፊቷ አንድ ወገን ብቻ ነው? የምትዞረው ኋላ ማርሽ ስታስገባ እሺ ብላ ትከተልሃለች። የማትዞረው እንደ ትሬይለር ተጣጥፋ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ትመጣለች። እዚሁ ፍሬድሪክ ከተማ ያለው ራይት የሚባል ፋብሪካ የሚሠራት ሰልኪ፣ ቬልኬ የሚሏት፣ ጎማዋ ትዞራለች። ያገለገለች አግኝቼ ሰውየው 350 አለኝ። ሌላ ሰው ጋ የማትዞር ባለ ሁለት ጎማ በ150 አለች። 200 ዶላር አተረፍኩ ብዬ የርካሿን ወሰድኩ። «ቁልቁለት ላይስ?» ብዬ ሻጩን ስጠይቀው «ምንም ችግር የለም» አለኝ። የሱ ግቢ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ መሆኑን ልብ ያልኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

መግጠሙ ቡሎን ማጥበቅና ኩሺኔታውን ግራሶ መቀባት ነው፤ አንድ ሰዓት አልፈጀም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንደ ንጉሥ ሆንኩ። ምነው ዛሬ ነው እንዴ የተፈጠረችው አልኩ።

አንድ ደንበኛዬ ቤት አለ፣ የኋላው ግቢ ወደ ዝግባ አጥር የሚወርድ። ጁን ላይ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ጤዛው ገና አልተነሳም። የማሽን መመሪያ ማንበብ እወዳለሁ፤ እዚህም ጉድ ያደረገኝ ማንበቤ ነው። ተዳፋት ላይ በእግር የምትነዳውን ማሽን ወደ ጎን ንዳ፣ ተቀምጠህ የምትነዳውን ግን ወደ ላይና ወደ ታች ንዳ ነው የሚሉት። እሺ፣ ሰልኪ ላይ የቆመ ሰው የትኛው ነው? እግረኛ ነው ወይስ ተሳፋሪ? እኔ ተሳፋሪ ነኝ ብዬ ወሰንኩ። አብሮኝ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ «ኧረ ጋሼ፣ ይህቺን እንኳ በእግር እንሂዳት» አለኝ። ልጅ አስተማሪዬ ሊሆን ነው ብዬ ኮራሁ።

ወደ ታች ስጀምር ፈጠነብኝ። ማሽኔ እንደ ብስክሌት ፍሬን የሚጨበጡ ሁለት ማንሻዎች አሉት። ትንሽ ስትጨብጣቸው ቺንጋው ይላላል፤ ጠበቅ አድርገህ ስትጨብጥ ፍሬኑ ይይዛል። በሁለቱ መሃል ግን ማሽኑ ፎሌ ነው፤ ሞተሩም ፍሬኑም አይዘውም። በእግርህ ከሆንክ ያቺን መሃል አታውቃትም፤ እጅህ ይይዘዋል። እኔ ግን 85 ኪሎዬን ይዤ ከኋላ እየገፋሁት ነው። በቀስታ ጨበጥኩ፤ ቺንጋው ለቀቀ፤ የሚይዘው ጠፋ። ደንግጬ ጥርቅም አድርጌ ስጨብጥ ጎማዎቹ ቆሙ፣ ማሽኑ ግን እርጥቡ ሳር ላይ መንሸራተቱን ቀጠለ። ሰልኪዋ ወደ ግራ ታጠፈች፣ የማሽኑን ኋላ ይዛው ዞረች። እጅ ሲለቀው ሞተሩን የሚያጠፋ ሌላ ማንሻ አለ፤ እጄ ሲለቅ ሞተሩ ጠፋ፤ እግሬን ያተረፈልኝ እሱ ነው። እሱን ማንሻ ሥራ ያፈጥናል ብላችሁ በሽቦ የምታስሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ፍቱት።

ማሽኑ ሦስት ሳንቃ ሰብሮ አጥሩ ላይ ቆመ። ባለቤቷ ሴትዮ «አንተ ደህና ነህ?» ከማለት ሌላ አልተናገረችኝም። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ግን ደብዳቤ ላከላት፦ አዲሱ ሳንቃ ከአሮጌው ቀለሙ ስለማይገጥም ያ ወገን በሙሉ ይቀባ። የ12 ጫማ ቀዳዳ አይደለም እኮ፣ ሦስት ሳንቃ ነው! ስልክ ደወልኩ፤ ቅጽ ሙላ አሉኝ። ሞላሁ፤ ቅጹን መሙላት ያለባት ባለቤቷ ናት አሉኝ። ኢንሹራንሴ የመጀመሪያውን 500 ዶላር ራስህ ቻል ይላል፤ እንጨቱና ቀለሙ 430 ወጣ። አስሉት እንግዲህ ያተረፍኩትን።

አሁን ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው «ከ15 ዲግሪ በላይ ተዳፋት ላይ አትንዳ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ብቻውን አይበቃኝም። 15 ዲግሪ ለማሽኑ ነው፤ ከኋላው የቆመውን ሰው አላሰበውም። እኔ መውረዱ በዓይን ከታየኝ፣ ሳሩ እርጥብም ከሆነ፣ ሰልኪዋን አጥፌ በእግሬ ወደ ጎን እሄዳለሁ። አጥር ጥግ ስደርስም በአንድ ጊዜ አልዞርም፤ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት እያልኩ ነው፤ አለበለዚያ የውስጠኛው ጎማ ሳሩን እንደ ምንጣፍ ይገለብጠዋል። ሲመስለኝ ግማሹን ቀን እየተራመድኩ ነው። ጉልበቴ ግን አልከፋውም፤ የሚገድለው ሜዳው ላይ ያለው ረጅም ምልልስ ነበር፣ እዚያ ደግሞ ቆሜ ነኝ።

በሚቀጥለው ፀደይ ጎማዋ የምትዞር ሰልኪ ገዛሁ፣ በ400። የድሮዋ ጋራዥ ውስጥ አለች። ሊገዛት የመጣ አንድ ሰው «ቁልቁለት ላይስ?» ሲለኝ አጥሩን ነገርኩት፤ ጥሎኝ ሄደ። የአክስቴ ልጅ ምሳውን ሲበላ ይቀመጥባታል፤ አንድም ቀን «ብዬህ ነበር» አላለኝም፤ ሲቀመጥ ግን ያየኛል።